ጌኖቬፋ እና የሞት ቃላት

በመንደራችን ለብዙ ዓመት ሰው የሚፈራው ፖሊስንም ቄሱንም አልነበረም፤ መምህርት ጌኖቬፋን ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። አጭር፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያቺኑ ቡናማ ኮቷን የማትቀይር፣ ለድመት እንኳ መንገድ የምትለቅ ሴት ናት። ግን የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳትይዝ፣ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ በአንድ መንገድ ስትመጣ ከታየች፣ በዚያ መንገድ ያሉ እናቶች ሁሉ እጃቸውን ከሊጡ አውጥተው ይቆማሉ። የማንን በር እንደምታንኳኳ እስኪያዩ ትንፋሽ የለም። አልፋቸው ከሄደች ያማትባሉ። ወዲያው ደግሞ በማማተባቸው ያፍራሉ፤ የጎረቤት በር ተንኳኳ ማለት ነውና።

ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የፖላንድ ድንበር ሲከፈት ልጆቻችን ተግተልትለው ሄዱ፤ ገሚሱ ድንች ለቀማ፣ ገሚሱ ዶሮ ፋብሪካ፣ ገሚሱ ግንባታ። እዚህ የቀረነው ሽማግሌዎችና ውሾች ነን ማለት ይቻላል። ከሽማግሌዎቹ መካከል እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷ። እሷም ብትሆን ከወጣትነቷ ጀምሮ ያስተማረችው ሩሲያኛ ነበር። ዘመን ሲገለበጥ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ኮርስ ገብታ ነው እንግሊዝኛ የተማረችው። እኔ በዚያን ጊዜ፣ "ትናንት ሩሲያኛ፣ ዛሬ እንግሊዝኛ፣ ነገ ደግሞ ቻይንኛ ልታስተምሪን ነው?" እያልኩ እቀልድባት ነበር። "አንተን ግን ፖላንድኛ እንኳን ማስተማር አልተቻለም" ትለኛለች። አብረን ነው ያደግነው፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል።

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ቄሱ ቤት ነው። ከእንግሊዝ ሆስፒታል ነበር። ቄሱ የገባቸው "ሄሎ" የሚለው ብቻ ስለሆነ ጌኖቬፋንም፣ ልጇ እዚያ የሚሠራውን የወፍጮ ቤቱን ባልቴትም በአንድ ላይ አስጠሩ። ጌኖቬፋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፣ ሰማች፤ ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ እንደተባለችው አንድ በአንድ ተረጎመች። "አጣነው ይላሉ።"

"ታዲያ አይፈልጉትም?" አለች እናትየው። "ትልቅ ሰውዬ እኮ ነው፣ የት ይጠፋል? ገበያ ሄዶ ይሆናል በያቸው!"

ጌኖቬፋ ስልኩን እንደያዘች ሁለተኛ ልትነግራት ግድ ሆነ። ለአንዲት እናት አንድን ልጅ ሁለት ጊዜ መግደል ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ ብላ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዞቹ በለስላሳ ቃላቸው ምንም ቢሉ፣ ሄደ ቢሉ፣ አለፈ ቢሉ፣ ተለየን ቢሉ፣ እሷ በር ላይ ቆማ "ሞተ" ነው የምትለው። ሌላም ደንብ አወጣች። የተባለውን ሁሉ ትናገራለች፤ ያልተባለውን ግን ለማጽናናትም ቢሆን አትጨምርም። እናት ዐይን ዐይኗን እያየች "ሳይሰቃይ ነው አይደል የሞተው?" ብላ ስትለምናት እንኳ፣ ሐኪሙ ካላለ ጌኖቬፋ አትልም። ጨካኝ ናት ያሉ ነበሩ። እኔም አንዳንዴ ብያለሁ።

ትምህርት ቤት ያስተማረችው እንግሊዝኛ ፖም፣ መስኮት፣ "ድመቷ አልጋ ላይ ናት" ነበር። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሞት የለም። ስለዚህ በአውቶቡስ ክራኮቭ ድረስ ሄዳ እንደ ጡብ የወፈረ መዝገበ ቃላት ገዛች፤ ክረምቱን ሙሉ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ የሣጥኑን፣ የሬሳውን፣ የመቃብሩን፣ የአመዱን፣ የባልቴቷን ስም እየፈለገች ከኛው ጋር ታስተያያለች። እኔ ንብ አርቢ ነኝ። ማር ይዤላት ስሄድ ያገኘችውን ታወራኛለች።

"እንግሊዞች ሰውም ሲሞት ውሻም ሲሞት አንድ ቃል ነው ያላቸው" አለችኝ አንድ ቀን። የኛ ቋንቋ ለእንስሳ ሞት የራሱ ቃል አለው። ያንን ለሰው ያለ ሰው ጥርሱን ይለቅማል።

"ባለጌዎች ናቸዋ!" አልኩ።

"ምናልባት ውሻውን አክብረው ይሆናል" አለች። ቀጥላ ግን መዝገበ ቃላቱን ዘጋችና፣ "ያንተን የስንብት ሥራ የሚጠራ ቃል ግን አላገኘሁም። የላቸውም" አለችኝ።

"ታዲያ ሙታናቸው ምን ብለው ነው ከቤት የሚወጡት?"

"ዝም ብለው።"

የኔ ሥራ ሬሳ ማሰናበት ነው፤ ከአጎቴ የወረስኩት ነው። በእኛ መንደር ሬሳ ከቤቱ ሳይሰናበት አይወጣም። ሣጥኑ የበሩ ደፍ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ እኔ ራስጌው ቆሜ በሟቹ አፍ እናገራለሁ። አባቴ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ጎረቤቴ ሆይ እያልኩ ሁሉንም በየስማቸው እጠራለሁ፤ የበደልኩህን ይቅር በለኝ እላለሁ። የተጠራው ሰው "ይቅር ብዬሃለሁ፣ በሰላም ሂድ" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ከደፉ ጋር አንኳኩተን እናወጣዋለን። ያልተጠራ ሰው ካለ ሟቹ ቂም ይዞበት ሄደ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ማን እንደሚጠራ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። እኔ አፍ ብቻ ነኝ።

ስልኩ እየበዛ ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛ አስተምሪን አሏት። ቅዳሜ ቅዳሜ በእሳት አደጋ ቡድኑ አዳራሽ ይሰበሰቡ ጀመር። ሰላምታና ቁጥር ልታስተምራቸው ብትል አሻፈረኝ አሉ፤ የፈለጉት ሆስፒታል፣ ደም፣ ቄስ፣ ሣጥን፣ "ልጄ የት ነው?" ብቻ ነበር። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው "ሬሳ! ሬሳ!" እያሉ በእንግሊዝኛ ሲጮኹ በመስኮት ያየ ያብዳል። እኔ አልገባሁም። የኔ ሙታን ፖላንድኛ ነው የሚናገሩት ብዬ ቀረሁ። ቫሌንቲም አልገባም። "እንግሊዝ አገር የማናግረው ሰው የለኝም" አለ፤ አንድ ወንድ ልጁ ሲልቬክ ግን እዚያው ነበር።

ቫሌንቲ ጎረቤቴ ነው፤ እልኸኛ፣ እጁ የማያርፍ፣ ሚስቱን ቀደም ብሎ የቀበረ ሰው። ሲልቬክ እዚያ ኬርስቲ የምትባል እንግሊዛዊት አገባ። ሴትየዋ አግብታ የፈታች ስለነበረች ቤተ ክርስቲያን አላጋባቸውም፤ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ኖሩ። ቫሌንቲ ለሠርጉም አልሄደ፣ ፎቶውንም ከፖስታው አላወጣ። "በእግዚአብሔር ፊት ሚስት የለውም" ብሎ ነገሩን ዘጋ። ልጁም አኮረፈ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አልተያዩም።

እንግዲህ አንድ የጥቅምት ማለዳ ጌኖቬፋ ኮቷን ቆልፋ በኛ መንገድ መጣች። የኔን በር አለፈች፤ ልጆቼ እዚሁ ናቸው። ቫሌንቲ ግቢ ገባች። እሱ እንጨት እየፈለጠ ነበር።

"ቫሌንቲ፣ ሲልቬክ ሞተ። ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ።"

መጥረቢያውን ከፍ እንዳደረገ ቀረ። "ማነው ያለሽ?"

"ሚስቱ ደውላ።"

"ሚስት የለውም" አለ። ገና ሳያለቅስ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ መጀመሪያ ያለው ይህንን ነው። ከዚያ መጥረቢያው ከእጁ ወደቀና እሱም ፍልጡ ላይ ዘጭ አለ። በአጥሩ ላይ ዘልዬ ስደርስ እንደ ሕፃን እያነባ ነበር። ስለ አንድ ሰው አዝነህ በዚያው ቅጽበት ልትመታው አምሮህ ያውቃል? እኔ ያን ቀን አወቅሁት።

ኬርስቲ ባሏን እናቱ ጎን ለማሳረፍ ብላ እስከዚህ አመጣችው። ሣጥኑ በሬሳ መኪና አገር እያቆራረጠ ሲመጣ እሷ በአውሮፕላን ቀድማ ደረሰች። ቫሌንቲ ግን በቤቴ አታድርም አለ። ጌኖቬፋ ወሰደቻት። ማታ ማታ ቫሌንቲ ቤት መቁጠሪያ ሲደገም ኬርስቲ ትመጣለች፤ በሩ ጥግ ባለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አንዲትም ቃል አይገባትም፤ እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው ትጠብቃለች። ቫሌንቲ አንድም ቀን ዞሮ አላያትም።

ማር ይዤ ጌኖቬፋ ዘንድ ስሄድ ሁለቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ኬርስቲ እየተንተባተበች የኛን ቃል ትደግማለች። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ በሰላም ሂድ።" አፏን እያጣመመች፣ ፊደሉን እየሰበረች። ጌኖቬፋ ታርማታለች፤ እንደገና ትላለች።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኩ።

"መልሱን አስተምሪኝ ብላኝ ነው። ሲልቬክ ነግሯታል፤ አያቱ ሲሸኙ ስሙ የተጠራ ጊዜ እንዴት እንዳለቀሰ።"

ኬርስቲ የሆነ ነገር አለች። ጌኖቬፋ ዐይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ ተረጎመችልኝ። "ስሜን የሚጠራው ሰውዬ ይሄ ነው ወይ ትላለች።"

ሴትየዋ አፌን አፌን እያየች ነበር። ማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በቀጥታ ቫሌንቲ ዘንድ ሄድኩ። የሚጠሩትን ስም መጠየቅ ወጉ ስለሆነ ሰበብ አላስፈለገኝም። ዘረዘረልኝ፤ እሱ ራሱ፣ ሴት ልጁ ቦጉሻ፣ አክስቶቹ፣ ጎረቤቶች፣ ሲልቬክ በልጅነቱ የተከላቸው የፖም ዛፎች፣ ሽማግሌው ፈረስ ሳይቀር።

"ሌላስ?" አልኩት።

"ሌላ የለም።"

"ፈረሱ ተጠርቶ እሷ ትቀር?"

"ፈረሱ የቤቱ ነው።" ፊቱ ቀላ። "ስማኝ ኢግናጺ፣ እሷን የጠራህ እንደሆነ ሣጥኑን በገዛ ትከሻዬ ወደ መኪናው እመልሰዋለሁ። እኔን ታውቀኛለህ።"

አውቀዋለሁ፤ ያደርገዋል። ያን ምሽት ጌኖቬፋ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ።

"አንድ ስም ነው ኢግናጺ። አንዲት ስም። ማን ይሞታል ብትጠራት?"

"አንቺ ስትተረጉሚ ትጨምሪያለሽ?" አልኳት።

"አልጨምርም" አለች።

"እኔም አልጨምርም። የቤቱ ሬሳ የቤቱ ነው።"

ረታኋት። "ለሴትየዋ ትነግሪያታለሽ?" አልኳት።

"ዛሬ ትተኛ። ቫሌንቲም እስከ ነገ ሰው ይሆን ይሆናል" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው በጥቁር ልብስ ሞላ። እንደ ወጉ ሰዓቱ ቆሟል፣ መስታወቱ ተሸፍኗል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ቄሱ አጥሩ ጋ ይጠብቃሉ። ስድስት ወንዶች ሣጥኑን አምጥተው ደፉ ጋ አሳረፉት፤ ከባድ ነበር፣ የእንግሊዙ ሣጥን ውስጡ ብረት ለበስ ነው። ከሣጥኑ በቀኝ ቫሌንቲና ቦጉሻ፣ በግራ ግድግዳውን ተጠግታ ኬርስቲ፣ አጠገቧ ጌኖቬፋ። ኬርስቲ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መልሱን እያጠናች ነበር።

ጀመርኩ። "አባቴ ቫሌንቲ፣ አስቀየምኩህ፤ ርቄህ ኖሬ በሣጥን መጣሁ። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለ ቫሌንቲ። ድምፁ ለሦስት ተሰበረ። "በሰላም ሂድ።"

ቦጉሻን ጠራሁ፤ መለሰች። አክስቶቹን፣ ጎረቤቶቹን ጠራሁ። ዛፎቹን ተሰናበትኩ፤ ፈረሱን ተሰናበትኩ። በየመሀሉ የጌኖቬፋ ሹክሹክታ ይሰማኛል፤ ቃል ለቃል እየተከተለችኝ ነው። ስም በጠራሁ ቁጥር ኬርስቲ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ የሌላ ሰው ሲሆን ትመለሳለች። ይህን እያዩ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ፣ "እንግዲህ ሁላችሁም ደኅና ሁኑ፤ መንገዴ ደረሰ" አልኩ። ማብቂያው ይህ ነው። ወንዶቹ እጃቸውን ከሣጥኑ ሥር ከተቱ።

ጌኖቬፋ ወደ ኬርስቲ ጆሮ ተጠግታ አጭር ነገር ተናገረች። ኬርስቲም አጭር ነገር መለሰችላት። ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። ከዚያ ከግድግዳው ተነስታ መጣች፣ በሰዎቹ መሀል አልፋ እጇን ሣጥኑ ላይ አኖረችና በተሰባበረ ፖላንድኛዋ፣ ጮክ ብላ፣ አጥር ጥግ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ፣ "ይቅር ብዬሃለሁ ሲልቬክ። በሰላም ሂድ" አለች።

ሳትጠራ የመለሰች ሰው በዚህ መንደር ታይታ አታውቅም። ስድስቱ ወንዶች ያንሱት አያንሱት ግራ ገብቷቸው እንደጎነበሱ ቀሩ። እኔ ደሜ ፈላ። በጌኖቬፋ ነው የተቆጣሁት፤ ዋሸቻት፣ ተጠርተሻል ብላ ዋሽታ ከሰው ፊት አቆመቻት ብዬ።

ቫሌንቲ የሴትየዋን እጅ እያየ ነው። ቀጭን እጅ ነው፣ በብርዱ የቀላ። ከዚያ ሳያየኝ፣ "ኢግናጺ" አለ።

"አቤት።"

"አንድ ሰው ዘልለሃል።"

ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ሰው ዘልዬ አላውቅም፤ መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል። የምኮራበት ነገር ቢኖር ይሄው ነው። "ውይ፣ እርጅና ነው፤ ረስቼ ነው" አልኩ።

"ጥራታ ታዲያ! ልጁ ደፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅህ?"

ጠራኋት። "ኬርስቲ፣ ሚስቴ" አልኩ። ሚስቴ የሚለው ቃል ሲወጣ ቫሌንቲ ዐይኑን ጨፈነ፤ ግን አላቋረጠኝም። "ብቻዬን እንዳልመጣ ከሰው አገር ድረስ ተከትለሽኝ መጣሽ፤ እናቴ ጎን አሳረፍሽኝ። ብቻሽን ስለተውኩሽ ይቅር በይኝ። የአባቴ ቤት ቤትሽ ነው።"

ጌኖቬፋ ትተረጉማለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሲዋዥቅ ሰማሁ። ኬርስቲ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ያን ሁሉ ያጠናችው ቃል ግን አልወጣ አላት፤ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል። ቫሌንቲ ሣጥኑን ዞሮ አጠገቧ ቆመ።

"ይቅር ብላሃለች ልጄ" አለ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ። "ሂድ በቃ።"

ሦስት ጊዜ ደፉን አንኳኳንና አወጣነው። እስከ መቃብር ድረስ ቫሌንቲ ክንዷን ይዞ ሄደ። ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ የዶሮ ሾርባ ሲቀርብ ከጎኑ አስቀመጣት፤ ጌኖቬፋንም ጠርቶ፣ "ሳይበርድ ብይ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?" አላት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊተኛው ወንበር የሱ ነው። በየዓመቱ ለሙታን መታሰቢያ ኬርስቲ ትመጣለች፤ የምታድረው ቫሌንቲ ቤት ነው።

ያን ምሽት ግን ከአዳራሹ ስንመለስ ጌኖቬፋንና እኔን መንገዱ ለብቻችን አገናኘን። ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። መንደሩ ሁሉ ቤቱ ስለገባ የሚፈራት አልነበረም።

"ደንብሽን አፈረስሽ አይደል?" አልኳት። አልተቆጣሁም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። "ለዚህ ሁሉ ዓመት አልጨምርም፣ አልጨምርም ስትዪ ኖረሽ ዛሬ ጨመርሽ። እንኳንም ጨመርሽ።"

ቆመች። "ማን? እኔ?" አለች። "የጨመርከው አንተ ነህ። 'የአባቴ ቤት ቤትሽ ነው' በል ብሎ ማን አዘዘህ?"

እውነቷን ነው። ማንም አላዘዘኝም።

"እና ጆሮዋ ላይ ምን አልሻት?"

"የሆነውን። 'አበቃ፤ አንቺን አልጠራሽም' አልኳት።"

"እሷስ?"

ጌኖቬፋ መሀረቧን ከኮቷ ኪስ አወጣች፤ እንደ ልማዷ ቃል ለቃል፣ ምንም ሳትጨምር ነገረችኝ።

"'ገባኝ' አለችኝ። 'ግን ይቅርታዬን ሳይዝ እንዳይሄድ፤ እኔ ልመልስለት።'"